የዛገ ቮልስዋገንን ከሌላ መኪና በተፈታ አካል መጠገን፦ ዝርዝር መመሪያ

ከተፈታ መኪና ላይ የአካል ዕቃ ስትገዙ ገንዘባችሁን ማውጣት ያለባችሁ ለእጥፋቱ ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ከማንኛውም የብረታ ብረት መደብር አዲሱን መግዛት ይቻላል፤ ጥሩ ባትላሜራም (የመኪና አካል ጠጋኝ) መጠነኛ ጉብጠት በመዶሻ ያወጣለታል። ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ የነበረው የፋብሪካ ማሽን ተጭኖ ያወጣውን ድርብ እጥፋት፣ የፓራፋንጎውን (የጎማውን መሸፈኛ) ጠርዝ፣ የበሩን ደፍ፣ የዝናብ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ግን በእጅ መልሶ መሥራት ቀናት የሚፈጅ፣ ብዙ ጊዜም የማያምር ሥራ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋውን ሥሩት፣ እጥፋቱን ግዙት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ለምሳሌ የወሰድኳት መኪና ቮልስዋገን ናት። ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ ከገላን እስከ ለገጣፎ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ አትታጣም። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ዓመታት ቆማም ትነሣለች፤ አካሏ ግን አይጠብቅም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና በመሆኑ ብዙ ሰው ቮልስን ከታሪክ ጋር አያይዞ ይወዳታል፤ ፍቅሩ ግን ብዙውን ጊዜ በስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ላይ ስቱኮ በመደረብ ይገለጻል። ፊያት ወይም ፔጆ ያለው ሰውም የመቁረጡን፣ የብየዳውንና የቀለሙን ክፍል እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል። የመኪና ሞዴል ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወሩና ቦታው

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ የተገለጠ ብረት ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። መቁረጥና መበየድ ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ ቢሆን ይመረጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፤ ነገር ግን ማለዳቸው ስለሚበርድ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለምም ሆነ ስቱኮ ፀሐይ ሳይሞቅ መቀባት የለበትም። ከጥር በኋላ ነፋሱና አቧራው ይበረታል፤ የቀለም ሥራ እስከዚያ ከዘገየ በሸራ የተጋረደ ቦታ ያስፈልጋል።

መኪናዋ የምትቆምበት ወለል ሲሚንቶ ይሁን። አፈር ላይ ክሪኩ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ አንዱ ጎን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ባለበት ሁኔታ የተበየደ አካል ያንን ጠማማነት ይዞ ይቀራል፤ በሩም ከዚያ ወዲያ አልዘጋ ይላል።

ሌላው የዳርቻ ሰፈር ችግር ኤሌክትሪክ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ኃይሉ ይወርዳል፤ የብየዳ ማሽኑም ይደክማል። ማሽኑ ጠዋት ላይ በተስተካከለበት ልክ ከሰዓት በኋላ ሲበየድ ብየዳው ላዩን ብቻ ይለጠፍና በመዶሻ ሲነካ ይላቀቃል። ማንም የማይጋግርበትን ሰዓት ጎረቤት ጠይቃችሁ እወቁ፤ በየዕለቱም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሩ።

ዝገቱ የት ነው?

የቮልስ ዝገት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመጣ ነው። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ከታየ ከኋላው ያለው ብረት አልቋል ብላችሁ ተነሡ። መመርመሪያችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ከተጣለ ድምፅ ማጉያ የወጣና በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት። ማግኔቱን ቀስ አድርጋችሁ አካሉ ላይ ስትጎትቱት ድንገት ልል የሚልበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። በመዶሻው ሲነካ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ካቻቢቴው ያለ ብዙ ግፊት ከገባ ጉዳዩ አብቅቷል፤ ያ ቦታ ይቆረጣል።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ከበሮቹ ሥር በሁለቱ ጎን ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የማሞቂያ ሣጥን ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በእሱ በኩል አልፎ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል፤ ሣጥኑ ራሱ ደግሞ የአካሉ አከርካሪ ነው። ሙቀትና እርጥበት እየተፈራረቁበት ስለሚኖር ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያልቃል። በሩን ከፍታችሁ በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሡት፤ ማጠፊያው ደህና ሆኖ ምሰሶው አብሮ ከተነቃነቀ ችግሩ እዚያ ነው።

ቀጥሎ የኋላውን ወንበር አንሡ። ባትሪው በቀኝ በኩል ከወንበሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ባለፉት 50 ዓመታት ከባትሪው የፈሰሰ አሲድ ሁሉ ያረፈው እዚያ ወለል ላይ ነው፤ ስለዚህ የቀኙ የኋላ ወለል ጤነኛ የሆነባት ቮልስ ብርቅ ናት። ከዚያ ፓራፋንጎዎቹ ከአካሉ ጋር የሚገናኙበትን መስመር፣ የኋላው ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) የሚታሰርበትን ቦታ፣ ከፊት ኮፈን ሥር ያለውን የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ፣ የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ ተመልከቱ። የበሮቹ ታች የሚበሰብሰው ትንንሾቹ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃና በቀለም ስለሚደፈኑ ነው።

ያገኛችሁትን በጠመኔ ክበቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ላዩን ብቻ የዛገው ተፍቆ ይታከማል፤ ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራው ውፍረቱ ታይቶ ይወሰናል፤ የተበሳው ይቆረጣል። ይህ ሳይጠናቀቅ ዕቃ ፍለጋ መውጣት የማያስፈልግ ነገር ተሸክሞ መመለስ ነው።

የሚፈታ መኪና መምረጥ

ተመሳሳይ መኪኖች የሚበሰብሱት ተመሳሳይ ቦታ ነው። የእናንተ የማሞቂያ ሣጥን ካለቀ፣ ግቢ ውስጥ ተጥላ የከረመች ሌላ ቮልስ የማሞቂያ ሣጥንም ያለቀ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ የተጣለች ሳይሆን የተጋጨች መኪና ፈልጉ። ፊቷን የተመታች መኪና ጤነኛ ኋላ አላት፤ ጎኗን የተመታች ደግሞ ሌላኛው ጎኗ ሙሉ ነው። ከቆላው ደረቅ አገር፣ ለምሳሌ ከድሬዳዋ አካባቢ የመጣ አካል ከደጋው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። በባሕር ዳርቻ፣ በምፅዋ ወይም በጅቡቲ የኖረ ግን ጨው የነካው ስለሆነ ውጪው ቢያብለጨልጭም ውስጡ አይታመንም።

ሙሉ መኪና ካልተገኘ መርካቶ ሶማሌ ተራ አለ። እዚያ ስትሄዱ ማግኔታችሁን፣ ሜትራችሁንና ከመኪናችሁ ላይ በካርቶን የቆረጣችሁትን ቅርጽ ያዙ። በዕድሜ የገፉ አንድ ባትላሜራ ለፓራፋንጎ ሲደራደሩ ወጣቱ ሻጭ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙን ይዩት እንጂ፣ የፋብሪካው ነው» አላቸው። «ቀለም ብፈልግ ቀለም ቤት እሄድ ነበር፤ ገልብጠው ልጄ» ብለው መለሱለት። ሲገለበጥ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወረቀት አክሎ ነበር። የፓራፋንጎ ዋጋ ያለው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ መካከሉ የተጨረመተ ፓራፋንጎ በመዶሻ ይመለሳል፤ ጠርዙ ያለቀ ግን የሚታሰርበት የለውም።

ዓመቱ ካልገጠመ ጥሩ ዕቃም አያገለግልም። ከነሐሴ 1964 በኋላ የተሠሩት መስኮታቸው ሰፍቷል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ በር ከነመስታወቱ አይገባላቸውም። የፊት ፓራፋንጎ በፊት መብራቱ ይለያል፤ በአሮጌዎቹ ላይ መስታወቱ ከፓራፋንጎው ጉብጠት ጋር አብሮ ወደ ኋላ የተጋደመ ሲሆን፣ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የኋላው ደግሞ በመብራቱ መጠን ይለያል፤ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ በብዛት የመጣው ትልቁ ክብ መብራት በቀድሞው ፓራፋንጎ ላይ አይቀመጥም። ሻጮች አብዝተው የሚያምታቱት 1302 እና 1303 የሚባሉትን ሞዴሎች ነው። እነዚህ ፊታቸው ረዘም ያለ በመሆኑ ኮፈናቸው ለተራው ቮልስ አይሆንም። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ትርፍ ጎማው ተኝቶ የሚቀመጥ ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በተራው ላይ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ፓራብሬዛው (የፊት መስታወቱ) ጎበጥ ብሎ የወጣ ከሆነ 1303 ነው።

ከሙሉ መኪና ላይ ስትቆርጡ ከሚያስፈልጋችሁ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ፤ የጎደለ አይቀጠልም። ሻጩ በመሮና በመዶሻ ሊቆርጥላችሁ ከተነሣ አመስግናችሁ ከልክሉት፤ መሮ ጠርዙን ይስበዋል፣ የተሳበ ላሜራም ከዚያ ወዲያ አይተኛም። ግራይንደር ይዛችሁ ሂዱ። ፋብሪካው በነጥብ ብየዳ ያገናኘውን መገጣጠሚያ ለማላቀቅ ነጥቦቹን በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ የላይኛውን ላሜራ ብቻ ብሱ፤ ሥሩ ያለው ሳይነካ እጥፋቱ ከነቅርጹ ይነሣል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሄዳችሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። ሙሉ መኪና ለመፍታት ከገዛችሁ ሊብሬውንና የሽያጭ ውሉን ያዙ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ዋሻ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ከዚያ መኪና ላይ የትኛውንም ክፍል ስትወስዱ ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ወደ እናንተ መኪና አታዛውሩ። የእናንተንም ቁጥር የሚነካ ብየዳ አትሥሩ።

መፍታትና መደገፍ

ከምንም በፊት ባትሪው ይውጣ። ሁለተኛው ነዳጅ ታንክ ነው። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው ያለው፤ የፊት ፓራፋንጎ አጠገብ ብልጭታ የሚያወጣ ሥራ መሥራት ማለት ከታንኩ በአንድ ክንድ ርቀት እሳት መለኮስ ነው። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፣ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ ታንኩ ወጥቶ፣ ቱቦው ተደፍኖ፣ ከመሥሪያው ርቆ ይቀመጥ። ወንበሮች፣ ምንጣፍና ከላሜራው ጋር የተለጠፈው ሬንጅ መሰል የድምፅ መከላከያ ይነሡ፤ ሬንጁ ከብየዳው ጀርባ ተቀጣጥሎ ሳይታይ ይጨሳል። መስታወቶቹን ማውጣት ካልተቻለ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኗቸው፤ የግራይንደር ብልጭታ መስታወት ላይ ቀልጦ ከተጣበቀ አይለቅም። የእሳት ማጥፊያ ወይም ሁለት ባልዲ ውኃና አሸዋ በእጅ አጠገብ ይኑር።

አራቱም ፓራፋንጎዎች የሚያዙት በቡሎን ነው፤ ቁልፉ 13 ነው። ከመፍታታችሁ አንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት። ቡሎኑ የሚገባበት ዳዶ አካሉ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኃይል ከተጠመዘዘ ዳዶው ከላሜራው ተነቅሎ አብሮ ይዞራል፤ ያኔ አንድ ቡሎን የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። ትንሽ ፍቱ፣ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። የተሰበረውን በ6.8 ሚሊ ሜትር በስታችሁ የ8 ሚሊ ሜትር ጥርስ አውጡለት።

የማሞቂያ ሣጥኑ የሚቀየር ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ፤ የሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ሣጥኑ ሲቆረጥ አካሉ መሐል ላይ ሊጎብጥ ይፈልጋል። አካሉን ከወለሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች አትፍቱ፤ ታስሮ እያለ ነው የሚሠራው። በሩ በሚዘጋበት ክፍተት ውስጥ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በሁለት መስመር፣ አንዱን አግድም አንዱን ሰያፍ፣ በየዱ። ከዚያ በፊት ክፍተቱን በአግድምና በሁለቱም ሰያፍ ለኩና ቁጥሩን በምሰሶው ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉት። አዲሱ ሣጥን ገብቶ ከመበየዱ በፊት ቁጥሩ ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። አንዱ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተሰቅሎ ሲዘጋ ታይቶ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው።

መቁረጥና ማግጠም

የዛገውን ስትቆርጡ ዝገቱ ካለቀበት መስመር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ጤነኛ ብረት ውስጥ ግቡ። የሚያብረቀርቅና በጣት ሲጫኑት የማይረግብ ላሜራ እስክታገኙ ድረስ አትራሩ። ቁርጡን ለማሳነስ ብሎ ቀጭን ጠርዝ ላይ መበየድ ከንቱ ድካም ነው፤ የብየዳው እሳት (አርኩ) ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ያው የታሰበው ያህል ይቆረጣል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመቁረጫ ዲስክ ተጠቀሙ። ማዕዘኖቹን አክቧቸው፤ ሹል ማዕዘን ሙቀት ይሰበስባል፣ በኋላም ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው።

መቁረጫ መስመሩን የት ማኖር እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ አስቡ። ሰፊ ጠፍጣፋ ሜዳ መሐል ላይ የወደቀ ብየዳ ያንን ሜዳ ሁሉ ያሞግጠዋል። እጥፋት አጠገብ የወደቀ ብየዳ ግን እጥፋቱ ስለሚይዘው አይላወስም። ስለዚህ ትንሽ አብዝቶ መቁረጥ ማለት ቢሆንም መስመሩን ወደ እጥፋቱ አስጠጉት። የተገዛው እጥፋት እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚመልሰው።

ከተቆረጠው ክፍል በላይ ካርቶን ለጥፋችሁ ቅርጹን አውጡ፤ ካርቶኑን በተገዛው ቁራጭ ላይ አኑራችሁ አስምሩ፤ ከመስመሩ ትንሽ ተርፎ ይቆረጥና በሞርሳ ተይዞ እየተሞረደ ይገጥም። በሚታይ ቦታ ሁለቱ ላሜራዎች ጠርዝ ለጠርዝ ይገናኙ፤ በመካከላቸው የመቁረጫ ዲስኩ ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ያለ ክፍተት ተጣብቀው ከተበየዱ ሲሞቁ ይገፋፉና አንዱ ወደ ላይ ይነሣል። ወለል ላይና በማይታይ ቦታ ግን መደረብ ይቻላል፤ የሚደረቡት ሁለቱም ፊቶች አስቀድመው ለብየዳ በተሠራ የዚንክ ቀለም መቀባት አለባቸው፤ አለዚያ ዝገቱ በመደረቢያው መሐል አዲስ ቤት ያገኛል።

ለወለሉና ለሌላው ጠፍጣፋ ክፍል አዲስ ላሜራ ስትገዙ ውፍረቱ 0.8 ወይም 0.9 ሚሊ ሜትር ይሁን። የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አይሆንም፤ በጣም ስስ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ዚንክም ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ይለቃል።

ብየዳው

በየሰፈሩ ያለው ባለ ኤሌክትሮድ ማሽን ለበርና ለአጥር ብረት የተሠራ ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ቀዳዳ ነው የሚተርፈው። በኦክስጅንና በአሲቲሊን የሚሠሩ አሮጌ ባትላሜራዎች አሉ፤ የእጃቸው ሥራ ለስላሳና በመዶሻ የሚታዘዝ ብየዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ሥራውን ስጡትና አትነዝንዙት። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ምርጫው 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚገፋ ሚግ ማሽን (ብየዳውን በጋዝ እየከለለ የሚበይድ) ነው። ጋዙን ነፋስ እንዳይወስደው በሸራ ከልሉ፤ ጋዝ ያጣ ብየዳ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ በሞገድ ያልቃል። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ነጥብ በነጥብ ያዙት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ መሐል እየዘለላችሁ። አሁን ቁሙና በሩን፣ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን በቦታቸው አኑራችሁ እዩ፤ ነጥብ ብየዳ ይቆረጣል፣ ሙሉ ብየዳ አይቆረጥም። ልክ ከሆነ በነጥቦቹ መካከል ሌላ ነጥብ፣ በእነዚያ መካከል ሌላ፣ እያላችሁ ሙሉት። መስመሩን በእጅ ነክታችሁ ሙቀቱን መቻል ካቃታችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ። የተሠራው ትንሽ ሲመስላችሁ ልክ እየሄዳችሁ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሲመሽ ከኋላ መብራት አብርታችሁ ከፊት እዩ፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ያሳጣዋል። ከዚያ ብየዳውን በግራይንደር ስታወርዱ ከብየዳው ውጪ ያለውን ላሜራ አትንኩ፤ ቀጥኖ የቀረ ላሜራ ከዝገት የተረፈ ላሜራ ማለት አይደለም። ላዩ ከተስተካከለ በኋላ ከሥሩ ድጋፍ ብረት ይዛችሁ በብየዳው መስመር ላይ በቀላሉ ደብድቡት፤ ሲበየድ የተሰበሰበው ብረት ተዘርግቶ ሜዳው ይረጋል።

ከብረት እስከ ቀለም

በተቆረጠው ዙሪያ የቀረ ጉድጓድ ዝገት ካለ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማከሚያ ቀቡ፤ የባትሪ አሲድ አይደለም። በዕቃው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲሞላ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የተገለጠ ብረት በተገለጠበት ቀን ቀለም ይልበስ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ጠዋት ያንኑ ያህል ብቻ ግለጡ። የመጀመሪያው ልብስ ማጠንከሪያ ያለው ኢፖክሲ ይሁን። ተራው አንቲረስት ለአጥር ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም፤ ከላዩ የሚረጨው ቲነር ያነሣዋል።

ስቱኮ ከኢፖክሲው በላይ ነው የሚመጣው፤ ባዶ ብረት ላይ አይደለም። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከዘለለ ወደ መዶሻው ተመለሱ። ማጠንከሪያው ከክብደቱ ሁለት ከመቶ ገደማ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛት ከላይ ያለው ቀለም ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በደረቁ ብቻ ይፈቅ፣ ፎንዶ (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ሳይለብስም ደጅ አይደር። ከዚያ ፎንዶ፣ በ400 ከዚያም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ቀጥሎ ቀለም ነው። ገንዘብ ካለ ቀለሙን ፎርኖ (የቀለም መርጫና ማድረቂያ ክፍል) ላለው ጋራዥ ስጡ፤ በዳርቻ ሰፈር አቧራ መካከል በግቢ የተረጨ ቀለም ከሩቅ ነው የሚያምረው። ቀለሙን ልትቀይሩ ካሰባችሁ ቀለሙ ሊብሬው ላይ የሰፈረ መሆኑን አስቡና አስቀድማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ አለዚያ ቦሎ ስታሳድሱ ጥያቄ ይነሣል።

ከውስጥ መዝጋት

የተበየደ ሣጥን ከውስጥ ተቃጥሎ ራቁቱን ነው የሚቀረው። ረጅም ቱቦ ባለው መርጫ ፈሳሽ ሰም በሳጥኑ ውስጥና በምሰሶዎቹ ውስጥ ይረጭ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ በጋራዥ ሁሉ የተለመደ ቢሆንም በቮልስ ላይ ይህን አታድርጉ፤ በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ የሚያልፈው አየር ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ነው፤ የዘይቱ ጭስም አብሮት ይገባል። ሰሙንም ቢሆን አየሩ ከሚሄድበት መስመር አርቁት፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም አትድፈኑ።

መጋጠሚያዎቹ ለመኪና በተሠራ ማሸጊያ ይሸፈኑ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አሲድ ያወጣል፣ ሥሩ ያለው ብረትም በዚያው ይዝጋል።

መግጠም

በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል የምትገባው ረጅም ጎማ አዲስ ትሁን፤ አሮጌዋ ደርቃ ስለተሰነጠቀ ነው ጭቃው የገባው። ቡሎኖቹን ሁሉ ግራሶ ቀብታችሁ በእጅ ብቻ አስገቡ፤ ጎማዋን በመካከል አስተካክሉ፤ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጫፎቹ አጥብቁ። በሩን ስትሰቅሉ ዙሪያውን ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን ማጠፊያውን አስተካክሉ፤ አር ኤች ኤሱን የምትቆርጡት በሩ ያለ ግፊት ከዘጋ በኋላ ነው። ባትሪውን ስትመልሱ ከሥሩ የፕላስቲክ ሣህን አኑሩለት።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ምንጣፉን አንሡና ወለሉን በእጅ ዳብሱ። እርጥበት ካለ ብዙ ጊዜ ብየዳው ሳይሆን የፓራብሬዛው ጎማ ነው፤ አንድ ሰው ውኃ በቧንቧ ከላይ እያፈሰሰ ሌላው ከውስጥ ቢመለከት መግቢያው ይታያል። ከተፈታው መኪና የተረፈውን ቁራጭ ለቆራሌው አትስጡ፤ በተለይ እጥፋት ያለበትን። ፍቃችሁ፣ ኢፖክሲ ቀብታችሁ፣ ግራና ቀኙን ጽፋችሁ ከጣሪያው ሥር ስቀሉት፤ በዚህ አካባቢ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይፈልገዋል፣ ዋጋውንም የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ።